ደካማ የሞባይል ሞገድ በመኖሪያ ቤት
ስለ ሞገድ ማጉያ መሣሪያ አሠራር፣ ጥቅምና ጠንቅ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በአዲስ አበባ ዳርና ዳር በተስፋፉት አዳዲስ ሠፈሮች አንድ የቤት ባለቤት ስልክ ሲደወልለት ከሳሎኑ ተነሥቶ ወደ በረንዳ ሲሮጥ፣ እዚያም አንደኛውን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲነጋገር ማየት የተለመደ ነገር ከሆነ ሰንብቷል። የቴሌኮም ማማው ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ቆሞ በዓይን ይታያል። በረንዳው ላይ ሆኖ ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ንግግሩ ይቆራረጣል፤ ወደ ምድር ቤቱ ሲወረድ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ቤቱ በተሻለና በጠነከረ ዕቃ በተሠራ መጠን ችግሩ የሚብስ መሆኑ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክ መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓሥርት ዓመታት የስልክ መሐንዲስ ጭንቀት ሽቦው ደጃፍ ድረስ መድረሱ ነበር፤ ሽቦው ከደረሰ ዘንድ ግድግዳው ጭቃ ሆነ ድንጋይ የሚያመጣው ለውጥ አልነበረም። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር ግን ሽቦው ከማማው ላይ ቀረ። ከማማው እስከ ጆሮ ያለውን መንገድ የሚጓዘው ሞገድ ሆነ፤ የመጨረሻዋ ሜትር፣ ይኸውም የቤቱ ግድግዳ፣ ከዚያ በፊት ካለው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይልቅ የምታስቸግር ሆና ተገኘች።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድን ሞያ ማኅበር ጊዜ ባልወሰደ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሕንፃ ምድር ቤት ያለ መድኃኒት ቤት የሸጠበትን ሒሳብ በስልክ ይቀበላል፤ ባንክም የማረጋገጫ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ይልካል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ቤተ ሰብ አምቡላንስ የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው። መደበኛው የቤት ስልክ ከብዙ ቤት ስለ ወጣ ወይም ከመጀመሪያውም ስላልገባ፣ ሞባይሉ ዝም ሲል ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። ሰዉ መፍትሔ ፍለጋ ወደ ገበያ ቢወጣ አይፈረድበትም። እዚያ የሚቀርብለትም «ቡስተር» የተባለው የሞገድ ማጉያ ነው። ይህ መሣሪያ በአግባቡ ከተተከለ በእርግጥ ይሠራል። ያለ አግባብ ከተተከለ ደግሞ የአንዱን ቤት ችግር ወደ ጠቅላላው ሠፈር ያዛውራል፤ የተከለውም ሰው ጉዳቱን ማድረሱን ላያውቅ ይችላል።

ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ለቀባሪው ማርዳት ቢመስልም፣ በማኅበሩ የሕንፃና የውሃ ሞያተኞችም ስላሉ ስለ መለኪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሞገድ ጉልበት በዲቢኤም ይለካል። ዜሮ ዲቢኤም ማለት አንድ ሚሊዋት ነው፤ ከዚያ በታች በየአሥሩ ዲቢኤም ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልኩ ከማማው የሚቀበለው መለያ ምልክት ከ80 በታች፣ ማለትም −80 ዲቢኤም ከሆነ እጅግ ደኅና ነው። −100 ያሠራል። −115 ገደማ ሲደርስ ንግግር መቆራረጥ ይጀምራል፤ ከ−120 ወዲያ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ይዳክራል። −120 ዲቢኤም ማለት አንድ ሚሊዋት በአንድ ሚሊዮን ተካፍሎ፣ የተገኘው ደግሞ እንደ ገና በአንድ ሚሊዮን ሲካፈል የሚቀረው ነው። ይህን በሚያህል ብናኝ ጉልበት ድምፅ ተሸክሞ መሄዱ ራሱ የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከ−80 እስከ −120 ያለው ልዩነት አሥር ሺህ እጥፍ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

አሁን ግድግዳውን እንመልከት። ተራ ነጭ መስታወት ከሞገዱ የሚወስደው ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል ያህል ነው። በሁለቱም በኩል የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ወደ 10 ይጠጋል። ብረት የበዛበት 20 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት 15፣ 20፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በቅርብ ዓመታት የከተማው ፎቆች ሁሉ የለበሱት አንጸባራቂ መስታወት በላዩ እጅግ ቀጭን የብረት ሽፋን ስላለው ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ሊያስቀር ይችላል፤ ለፀሐይ የተዘጋው በር ለሞገዱም ተዘጋ ማለት ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም። የድሮው የጭቃ ቤት ጣራው ቆርቆሮ ቢሆንም በደረቅ ግድግዳውና በነጭ መስታወቱ በኩል ሞገድ ይገባው ነበር፤ ያውም በክረምት ግድግዳው ውሃ ሲጠጣ፣ በዙሪያው ያለው ባሕር ዛፍም ቅጠሉ ሲረጥብ መዳከሙ ይታወቃል። አዲሱ ቤት ግን ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ኮንክሪት፣ ከፊት የብረት ሽፋን ያለው መስታወት ስለ ሆነ በስድስቱም አቅጣጫ የተዘጋ የብረት ሣጥን ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው።

በዚህ ላይ የፍሪኩዌንሲው ዓይነት ይጨመራል። በባዶ ሜዳ እንኳ 1800 ሜጋኸርዝ ከ900 ሜጋኸርዝ ይልቅ በእኩል ርቀት 6 ዴሲቤል ያህል ደክሞ ይደርሳል፤ ግድግዳ ሲገባበት ልዩነቱ ይሰፋል። ፈጣኑ ኢንተርኔት የሚላከው በብዛት በላይኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች ስለ ሆነ፣ ድምፅ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት እምቢ ሲል የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ስልኩም በበኩሉ ማማው አልሰማው ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የአራተኛው ትውልድ ስልክ ሊልክ የሚችለው ከፍተኛ ጉልበት 0.2 ዋት ነው፤ በጥንቱ የ900 ሜጋኸርዝ ጂኤስኤም ደግሞ በቅጽበት እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ባትሪው ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ የሚያልቀው፣ ስልኩም ጡንቻ የሚያህል ሙቀት የሚያወጣው በእንዲህ ያለው ቤት ነው።

ማንኛውም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መለካት አለበት፤ ሞያተኛ ሲሆን ደግሞ ሳይለካ መምከር የለበትም። በስልኩ ራስጌ የሚታዩት ዘንጎች ለዚህ አያገለግሉም። ስንት ዘንግ በስንት ዲቢኤም እንደሚታይ እያንዳንዱ የስልክ ፋብሪካ እንደ መሰለው ስለሚወስን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስልኮች የተለያየ ሊያሳዩ ይችላሉ። በአንድሮይድ ስልኮች ማስተካከያው ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ በሲም ካርዱ ሁኔታ ሥር ቁጥሩ በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል። በአይፎን *3001#12345#* ተብሎ ሲደወል የሙከራው ገጽ ይከፈታል። ልኬቱ በአንድ ስልክ ብቻ፣ ከጣራው ላይ፣ ከበረንዳው፣ ከሳሎኑና ከምድር ቤቱ ይወሰዳል፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለተኛ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ኔትወርክ ስላለ የሁለቱም ሲም ሊሞከር ይገባል። አንዳንዱ ቤት መፍትሔው ሲም መለወጥ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከልኬቱ የሚገኘው መልስ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ጣራው ላይ −90፣ ሳሎን ውስጥ −120 ከሆነ ሞገዱ ደጃፍ ደርሶ በር አጥቷል ማለት ነው፤ ማጉያ የተፈለሰፈው ለእንዲህ ያለው ቤት ነው። ጣራውም ላይ −120 ከሆነ ግን ማጉያው ከሞገዱ ጋራ ሁከቱንም አብሮ ስለሚያጎላ ተስፋው አነስተኛ ነው፤ ምናልባት ረጅም ምሰሶና ጠንካራ አንቴና ጥቂት ይረዱ ይሆናል። ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቁጥሩ ሳሎን ውስጥ −85 ሆኖ ሳለ ማታ ማታ ኢንተርኔቱ የሚንፏቀቅ ከሆነ፣ ጉድለቱ የሞገድ ሳይሆን የወረፋ ነው። ማማው በተጠቃሚ ተጨናንቋል። ለዚህ በዓለም ላይ ያለ ማጉያ ሁሉ ቢሰበሰብ አንዳች አይፈይድም። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ሠፈር ደግሞ የማማው ባትሪ ሲዳከም ኔትወርኩ አብሮ ይጠፋል፤ ይህም ከቤቱ ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከማጉያው በፊት ሊሞከር የሚገባው ርካሽ መንገድ አለ። የአራተኛ ትውልድ ራውተር በተሻለው መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ወይም ውጫዊ አንቴና ሲገጠምለት፣ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ወደ ክፍሎቹ ያደርሳል፤ ንግግሩም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይካሄዳል። ፋይበር የገባለት ቤት ከዚህም የተሻለ ዕድል አለው። ጉድለቱ፣ መደበኛው ጥሪና ከባንክ የሚመጣው አጭር መልእክት በዚህ መንገድ የማይደርሱ መሆናቸው ነው። ለወጣቱ ይህ ቀላል ነው፤ በቁልፍ ስልክ ለሚገለገሉ አያት ግን ዋይፋይ ምናቸውም አይደለም።

ማጉያው ሦስት አካል አለው፦ ከውጭ አንቴና፣ ከመካከል ማጉያው ራሱ፣ ከውስጥ ሌላ አንቴና፤ እነዚህንም የሚያገናኝ ገመድ። የውጭው አብዛኛውን ጊዜ ያጊ የተባለው ነው። ጃፓናውያኑ ኡዳና ያጊ እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳወቁት ይህ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዲሽ ከመምጣቱ በፊት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ከጣራው ላይ የሰቀለው እሱን ነበር። የዚያን ጊዜ አንቴናውን ለማዞር ጣራ ላይ የወጣ ልጅና ከታች ሆኖ «ጥቂት ወደ ግራ! ተው፣ ተው፣ እዚያው ላይ!» የሚል አባት የሠሩት ሥራ ዛሬ ለማጉያው የሚሠራው ያው ነው፤ ለውጡ በሥዕሉ ጥራት ፈንታ ዲቢኤሙ መታየቱ ብቻ ነው።

ከቴሌቪዥን የሚለየው ግን ትልቅ ነገር አለ። ቴሌቪዥን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ስልክ ይቀበላል፣ ይልካልም፤ ማጉያውም በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት አለበት። በ900 መደብ ስልኩ ወደ ማማው የሚልከው ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ፣ ማማው ወደ ስልኩ የሚልከው ከ925 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ማጉያው በማጣሪያዎች ሁለቱን ለይቶ አንዱን ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ወደ ውጭ ያጎላል። ስለዚህ ማጉያ የተከለ ሰው ማዳመጫ ብቻ አልተከለም፤ ጣራው ላይ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ አቁሟል።

በቁጥር ለማየት ያህል አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እንውሰድ። በ900 መደብ ከጣራው ላይ −95፣ ከምድር ቤቱ −122 ዲቢኤም ተለክቷል እንበል። የያጊው አንቴና 10 ዴሲቤል ይጨምራል። ገመዱ ለዲሽ የሚሠራበት አርጂ-6 ቢሆን በ100 ሜትር 20 ዴሲቤል ያህል ስለሚበላ፣ 15 ሜትሩ 3 ዴሲቤል ይወስዳል፤ ማጉያው ዘንድ −88 ይደርሳል። ማጉያው 60 ዴሲቤል ቢያጎላ −28 ይሆናል። የውስጡ 10 ሜትር ገመድ 2 ይቀንሳል፤ የውስጡ አንቴና 3 ይጨምራል። ከአንቴናው 5 ሜትር ርቀት ላይ ሞገዱ 45 ዴሲቤል ያህል ስለሚደክም፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው −72 ገደማ ይደርሰዋል። ከብሎኬት ግድግዳ ወዲያ ባለው ክፍል እንኳ −82 ይቀራል። ከ−122 ጋራ ሲነጻጸር ይህ ሌላ ቤት ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ 60 ዴሲቤል ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ነጋዴው «የበለጠ ጉልበት ያለው» እያለ ሰማንያና ዘጠናውን የሚያሻሽጥበት ምክንያት ለቤቱ ጥቅም አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁም ነገር መለያየት ነው። ማይክሮፎን በድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም አዳራሹን የሚያስጮኸው ያ ፉጨት ለሁሉም የታወቀ ነው። የውስጡ አንቴና ያወጣውን የውጭው መልሶ ከተቀበለው ማጉያው እንዲሁ ያፏጫል፤ ፉጨቱን ግን የሰው ጆሮ አይሰማውም። የሚሰማው ማማው ነው። ፉጨቱ እንዳይነሣ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው መዳከም ከማጉላቱ መጠን ቢያንስ በ15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት፤ ለ60 ማጉላት 75 መለያየት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ባለ ፎቅ ቤት አንቴናዎቹ በ12 ሜትር ከፍታ ቢራራቁ ርቀቱ ብቻውን 53 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ሁለቱ የኮንክሪት ወለሎች 30 ያህል፣ የያጊው ጀርባ ደግሞ 10 ይጨምራሉ። 93 በቂ ነው። የውስጡ አንቴና ከውጭው በ3 ሜትር ብቻ በሚርቅበት፣ በመካከሉም የእንጨት ኮርኒስና የሸክላ ክዳን እንጂ ሌላ በሌለበት ቤት ግን ጠቅላላ መለያየቱ ከ51 አይበልጥም፤ ማጉላቱም ከ36 እንዳይበልጥ ይገደዳል። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ያ ሞገድ ያስቀረ ቆርቆሮ አሁን ሁለቱን አንቴናዎች በመለየት ይክሳል፤ ያጠፋውን ራሱ ያለማል እንደ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የጎረቤቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ማንኛውም ማጉያ ማንም ሰው ባይደውልም እንኳ የራሱን ሁከት ያለማቋረጥ ያመነጫል። በተፈጥሮ ሙቀት ምክንያት በእያንዳንዱ ኸርዝ −174 ዲቢኤም ሁከት አለ፤ ተራ ማጉያ 6 ዴሲቤል ይጨምርበታል፤ ከዚያም በ70 ዴሲቤል ካጎላው −98 ሆኖ ከጣራው ይወጣል። ማማው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቢታይ፣ ያጊውም ወደ እሱ ቢቀና፣ የሁለቱ አንቴናዎች ጥንካሬ ተቀናንሶ በመካከሉ የሚቀረው መዳከም ከ70 ዴሲቤል ብዙ አይርቅም። ስለዚህ −168 የሚያህል ሁከት ማማው ጆሮ ይደርሳል። የማማው የራሱ ሁከት −171 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ማማው ከበፊቱ በ5 ዴሲቤል ያህል ደንቆሯል። በከተማና በኮረብታ መካከል ሞገድ በሚዳከምበት ልክ ሲሰላ፣ ማማው ደካማ ስልኮችን የሚሰማበት የመሬት ስፋት ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል።

የሚጎዳውም ማጉያውን የተከለው ሰው አይደለም። የሚጎዳው ከኮረብታው ማዶ፣ ከማማው ድንበር ላይ ያለው ቤት ነው። የዚያ ቤት ስልክ ከማማው የሚመጣውን እንደ ወትሮው ይቀበላል፤ ዘንጉም አልቀነሰም፤ ነገር ግን ሲደውል አይያዝለትም። ሌሊት አምቡላንስ የሚጠራው ሰው «ኔትወርክ አለ እኮ፣ ለምን አይጠራም» እያለ ደጋግሞ ይሞክራል። ምክንያቱ በሌላ መንደር፣ በሌላ ሰው ጣራ ላይ መሆኑን የሚነግረው የለም። የኔትወርኩ ሠራተኞችም የሚንቀሳቀስ መለኪያ ይዘው ሠፈር ለሠፈር እየዞሩ ካልፈለጉ በቀር ምንጩን በቀላሉ አያገኙትም።

ደኅነኛ መሣሪያ የሚባለው እንግዲህ ይህን የሚከላከል ነው። ማማው ቅርብ ሲሆን የማጉላቱን መጠን በራሱ ይቀንሳል፤ ፉጨት ሲጀምር በቅጽበት ይዘጋል፤ የሚናገር ስልክ ከሌለ ወደ ውጭ የሚልከውን ክፍል ያጠፋል። እነዚህ የሌሉት ርካሽ ሣጥን ከላዩ የሚያብለጨልጭ መስኮትና ቁጥር ስላለው ብቻ ዘመናዊ አይሆንም።

በዚህ ረገድ ባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከልብ በመነጨ አሳቢነት የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ፤ በተለይም በሰሜን አሜሪካ ያሉት። ወላጆቻቸው ስልክ እንደማይሰማላቸው ሲያውቁ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ካለ መደብር ውድ ማጉያ ገዝተው በሻንጣ ይልካሉ። መሣሪያው በተሠራበት አገር ምስጉን ነው። የአሜሪካ የፍሪኩዌንሲ አደላደል ግን አውሮፓና አፍሪካ በአንድነት ከሚገኙበት ከአንደኛው የዓለም ቀጠና የተለየ ነው። በአሜሪካው 850 መደብ ከማማ ወደ ስልክ የሚመጣው ከ869 እስከ 894 ሜጋኸርዝ ነው፤ በኢትዮጵያ ከ880 ጀምሮ ያለው ደግሞ ስልክ ወደ ማማ የሚልክበት መደብ ነው። በአሜሪካው 1900 መደብ ስልክ ወደ ማማ የሚልከው ከ1850 እስከ 1910 ሲሆን፣ በ1800 መደብ ማማው ራሱ የሚናገርበት እስከ 1880 ይዘልቃል። ከዚህ የተነሣ መሣሪያው አቅጣጫው ይገለበጥበታል፦ ቤት ውስጥ የገባውን የማማ ድምፅ አጎልቶ ወደ ውጭ ይረጫል፤ የጎረቤትን ስልክ ድምፅ ደግሞ አጎልቶ ወደ ሳሎን ያስገባል። ለሽማግሌው አባት የሚጠቅመው ምንም የለም፤ ለሠፈሩ ግን ሁከት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ስለሚበራ «ይሠራል» ተብሎ ለዓመታት ሊቆይም ይችላል።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ሲያስተካክሉ የተከተሉት መንገድ ትምህርት አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከመጋቢት 2014 መጀመሪያ አንሥቶ ለቤት የሚሸጥ ማጉያ ኔትወርክ እንዳይጎዳ የተወሰነለትን መመዘኛ ማሟላት አለበት። ለሁሉም ኦፕሬተሮች የሚሠራው ቋሚ መሣሪያ የማጉላቱ ጣሪያ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች 65፣ ከዚያ በላይ ባሉት መደቦች 72 ዴሲቤል ሆነ። ባለቤቱ መሣሪያውን ለኦፕሬተሩ ያስመዘግባል፤ ሁከት ካመጣም ያጠፋል። በብሪታንያ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማጉያ መትከል ክልክል ሆኖ ቆይቶ፣ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2018 ዝርዝር መመዘኛ የሚያሟሉትን የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከፈቃድ ነፃ አደረገ። ሁለቱም አገሮች ሕዝቡን አትንኩ ብለው አላቆሙም፤ የሚገዛው ዕቃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነገሩት።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው። የሞባይል መደቦቹ ለኦፕሬተሮቹ ተሰጥተዋል። በእነዚያ መደቦች ላይ ማጉያ የሚያስነሣ ሰው በሌላው ይዞታ ላይ ሞገድ እያሠራጨ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ኦፕሬተሩን መጠየቅና የመሣሪያው ዓይነት በባለሥልጣኑ ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል። ኦፕሬተሩን መጠየቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ የአንድ ሠፈር አቤቱታ ሲበዛ የማማው አንቴና አቅጣጫ የሚስተካከልበት ወይም ለሕንፃው የራሱ ትንሽ ጣቢያ የሚተከልበት ጊዜ አለና።

ለሥነ ሕንፃና ለመዋቅር ሞያተኞች የሚቀረው ነገር ጥቂት ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የውሃ ሮቶ የት እንደሚቀመጥ ሳይወሰን ፕላን አይጸድቅም፤ ሞገድ በየት እንደሚገባ ግን ማንም አይጠይቅም። ከጣራው እስከ ምድር ቤቱ የሚወርድ አንድ ባዶ ቱቦ፣ በየወለሉም ኮሪደር ላይ አንድ ሣጥን ገና በሥራው ጊዜ ቢቀበር ወጪው ከጠቅላላው ግንባታ ጋራ የሚወራ አይደለም። ያ ሳይደረግ ከቀረ ገመዱ በኋላ በመስኮት ጥግ ይገባል፤ መስኮቱ አይዘጋም፤ ከገመዱ ጋራ ዝናብ ይገባል። መስታወቱ ሁሉ አንጸባራቂ በሆነበት ፎቅ ደግሞ ወደ ማማው በሚያየው ወገን አንድ ሁለት መስኮት በተራ መስታወት መተው የሚቻል ነገር ነው፤ ባለቤቱ ግን ውበቱን ስለሚያስብ ይህን ምክር በቀላሉ እንደማይቀበል የሚታወቅ ነው።

ተከላውን በሚመለከት መብረቅ ሊዘነጋ አይገባም። ከጣራ በላይ የቆመ ብረት በደጋው የክረምት ነጎድጓድ ፊት የቆመ ነው፤ ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ኧርዝ መደረግ፣ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ሊገጠምለት ያስፈልጋል። የገመዱ መጋጠሚያ ውሃ ከገባው በአንድ ክረምት ይበላሻል፤ በጎማ ፕላስተር በደንብ መጠቅለል አለበት። መብራት ሲጠፋ ማጉያውም ስለሚጠፋ፣ ለሕክምና ጉዳይ ስልክ የሚያስፈልገው ሰው ያለበት ቤት ትንሽ ባትሪ ሊያዘጋጅለት ይችላል።

ማጉያው በማከፋፈያው ሣጥን ላይ ለብቻው ማጥፊያ ይኑረው። ጎረቤት ስልኩ እምቢ ማለቱን ሲናገር ወይም ከኦፕሬተሩ ሰው ሲመጣ፣ መሣሪያው ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጠፋና ጎረቤቱ እንደ ገና እንዲደውል ይጠየቃል። ጥሪው ያኔ ከተያዘለት የማጉላቱ መጠን በ10 ዴሲቤል ዝቅ ይደረጋል፤ ልኬቱም ከጣራው ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል።